ለዓሣ ምን መርከብ ያሻዋል?

ልጅ ሳለሁ፣ ሲመሽ የምንሰበሰበው ጋይንት ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከአባቴ አጎት ከመሪጌታ ደስታ ቤት ነበር። ያኔ ቤቱ በኩበት ጭስ ይታፈናል፤ እሳቸው ግን ጭሱ የእኛን ዓይን ብቻ የሚያቃጥል ይመስል ኩራዟን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ጨዋታቸውን ይቀጥላሉ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ስላገለገሉ ባሕር አይተዋል፤ ይህንንም ሳያነሡ አያድሩም።

አንድ ማምሻ አባቴ በገብስ ማሳችን ግርጌ ከጅረቱ ዳር ስለምትኖር ዐይጥ አወራ። እኔ ቀድሜ አይቻታለሁ፤ ሆዷ ነጭ፣ ጠልቃ የምትዋኝ፣ ሌላ ቦታ አይቼ የማላውቃት ነበረች። «ነገ ጉድጓዷን ቆፍሬ እገድላታለሁ፣ ገብሱን ሳትጨርሰው» አለ።

«ውኃ ውስጥ የምትኖር ዓሣ ናት፤ ዓሣ ደግሞ ገብስ አይበላም!» አልኩ፣ ላድናት ብዬ። ሁሉም ሳቁብኝ።

መሪጌታ ግን አልሳቁም። «ዓሣ የሐሙስ ፍጥረት ነው፣ ከውኃ የተገኘ። ምጽዋ ያየሁት ያ ጥርሱ እንደ መጋዝ የሆነው ዓሣ፣ በሬ ቢያህልም፣ እንደ ከብት ቢወልድም ያው የሐሙስ ነው። ዐይጥ ብትዋኝም የዓርብ ናት፣ የምድር።» ወደ አባቴ ዞር አሉ። «የዓርቡን ኖኅ ጥንድ ጥንድ አድርጎ መርከብ አስገባ። የዚችን ጥንድ አይተሃል?»

«ኧረ እኔስ አላየሁም፤ ብቻዋን ናት።»

«እንግዲያ ዘሯ እንዳይጠፋ ኖኅ ያስገባትን አንተ ልታስወጣት ነው?»

«እርስዎ ካሉማ ምን እላለሁ፤ ትኑር» አለ አባቴ። ደስታዬ እንባ ሆኖ ወጣ።

«ያንን ትልቅ ዓሣስ ማን አስገባው?» ስል ጠየቅሁ።

«አዬ ልጄ! ለዓሣ ምን መርከብ ያሻዋል? ውኃው ነው መርከቡ» አሉና አሁን እሳቸውም ሳቁ።

ያ ዓሣ ሻርክ እንደሚባልና ለክንፉ ሲባል እየታደነ ከብዙ ባሕር እየጠፋ መሆኑን የነገረችኝ፣ እኔ ካረጀሁ በኋላ፣ የልጅ ልጄ ናት። አባቴም ቃሉን ጠብቆ፣ ዐይጧን ሳይነካት ሞተ። ጅረቱን ግን የማረው አልነበረም፤ ዳርና ዳሩ ባሕር ዛፍ ተተከለበትና ደረቀ፣ እሷም ከዚያ ወዲህ አልታየችም። መሪጌታ ሐሙስንና ዓርብን ሲለዩ አልተሳሳቱም። ብቻ የዐይጧም መርከብ ያው ውኃው መሆኑን ያኔ ከመካከላችን ያሰበ ሰው አልነበረም።