ነብር የሆነችው ሱዪን እና የልጇ ሙሽራ

በቻይና ዓመታት በየተራ በእንስሳ ስም ይጠራሉ፤ ከበሬ ቀጥሎ ነብር፣ ከነብር ቀጥሎ ጥንቸል ይመጣል። ሱዪን የተወለደችው በነብር ዓመት ነው። ቹዋንጆ ከተማ አጠገብ ባለው መንደሯ ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ ነገር አይደለም። በነብር ዓመት የተወለደ ሰው ቤት በምትገባ ሙሽራ ላይ ዐይኑ ካረፈ፣ ትዳሩ ይበጠበጣል፣ ልጅም አይገኝም ይባላል። ስለዚህ ሙሽራ ደጅ ስትደርስ አንድ ትልቅ ሰው፣ "ነብሮች፣ ገለል በሉ!" ብሎ ይጮኻል። ነብሮችም እየተጎተቱ ማድ ቤት ይገባሉ። ሱዪን የመንደሩን ሰርግ ሁሉ ያሳለፈችው ማድ ቤት ነው።

ቀን መቁጠሪያው የነብር ሰው ደፋር፣ ቁጡ፣ ለማንም የማይበገር ነው ይላል። ሱዪን እቴ! ዓሣ ሻጩ የተበላሸ ዓሣ ሲሰጣት እንኳ አመስግናው ትሄዳለች። ባሏ ዕድሜ ልኩን ቁጣዋን ሲፈራ ኖሮ፣ አንድም ቀን ሳያየው ሞተ።

በማድ ቤቱም ቢሆን አልተጎዳችም። የዳክዬው ቆዳ ገና ሲንጨረጨር ትቀምሳለች፣ የለውዙን ሾርባ ከሙሽሮቹ በፊት ትጠጣለች፣ ሐሜቱንም ትኩስ ትኩሱን ትሰማለች። የቀረባት የሙሽራ ፊት ብቻ ነው።

ኋላ አንድያ ልጇ ዌንቢን ሊያገባ ሆነ። ሱዪን እንደ ምንም ተደፋፍራ የባሏን ታላቅ እህት ባውጁን አናገረቻት።

"እትዬ፣ የሰው ሙሽራ ይቅርብኝ። የልጄን ግን በደጄ ስትገባ ልያት።"

"አብደሻል? የልጅ ልጅ አትፈልጊም?"

"ኧረ እፈልጋለሁ።"

"እንግዲያው ማድ ቤትሽን ያዢ! ልጅቷ የጥንቸል ዓመት ናት። ነብር ጥንቸል ሲያይ ምን እንደሚያደርግ እኔ ልንገርሽ?"

ዌንቢን ጣልቃ ገባ። "እማዬ፣ ለአንድ ቀን በሬ ነኝ በያ!"

"መንደሩ ሁሉ ያውቃታል፣ አንተ ቀልማዳ!" አለችው ባውጁ።

ሱዪን፣ "እውነት ብጎዳትስ?" ብላ ፈራችና እሺ አለች። ሽንኩርት እየከተፈችም አለቀሰች፤ ለጠየቃት ሁሉ ሽንኩርቱ ነው አለች።

የሰርጉ ዕለት ማንም የማያየውን አዲስ ቀይ ጃኬቷን ለብሳ፣ ጭልፋ እንደያዘች ጆሮዋን ማድ ቤቱ በር ላይ ለጠፈች። የሙሽራዋ መኪና ደጅ ቆመ። ርችቱ ተንጣጣ፣ ጭሱም ግቢውን ሸፈነው። ባውጁ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ፣ "ነብሮች፣ ገለል በሉ!" አለች።

የማድ ቤቱ በር ተከፈተና አንዲት ልጅ ቀይ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ገባች። በሩንም በተረከዟ ዘጋችው።

ሱዪን በጭልፋው ፊቷን ከለለች። "አላየሁሽም! ምንም አላየሁም!"

"ውይ!" አለች ልጅቷ። "ውይ በሞትኩት! ዛሬ እኮ ሙሽራዋ እኔ ነኝ!"

"ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ነብሮች ሲባል እግሬ ራሱ ይዞኝ መጣ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የለመድኩት፣ እማማ።"

"ጥንቸል ነሽ አላሉንም?"

"እናቴ ናት ለጋብቻው ስትል ልደቴን በዓመት ገፍታ ጥንቸል ያደረገችኝ፤ ነብር ማን ያገባል ብላ። እባክዎ እንዳይናገሩብኝ። እዚሁ በሩ ላይ ነው የሚመልሱኝ።"

ከውጭ ባውጁ፣ "ሙሽራዋን ማን ወሰዳት?" እያለች ትጮኻለች።

ሱዪን ጭልፋውን ዝቅ አደረገች። በዕድሜዋ ሙሽራ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። የልጅቷ ግንባር ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ሱዪን በአዲሱ ጃኬቷ እጅጌ ላቧን ጠረገችላትና እጇን ይዛ በሩን በረገደችው።

ባውጁ ደረቷን ደቃች። "ወየው! ነብሯ አየቻት!"

"አየኋታ!" አለች ሱዪን። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ወጥቶ አያውቅም። "እኔ ነኝ የጠራኋት። የልጄ ሙሽራ ናት፣ ላያት ፈለግሁ፣ አየኋት። የከፋው ሰው ካለ እሱ ማድ ቤት ይግባ!"

የገባ አልነበረም። ሱዪን ሙሽራዋን በዋናው በር አስገባቻት።