ምሥጋናው በሰሌዳ ያስረዳው ብልሃት

ምሥጋናው ደባርቅ ላይ ሒሳብ ሲያስተምር አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ሲጫወትም እንደዚያው። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሚያስይዙት ገንዘብ ሳይሆን የሽንብራ ቆሎ ነው።

በ1998 ሰኔ፣ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና አንድ ፈታኝ አምቢኮ እንዲሄድ ታዘዘ። መኪና እስከ ጨነቅ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ደርሶ መልሱ ሳምንት ይፈጃል። ሳይመደቡ የቀሩት ሁለት ባለ ምክንያቶች ነበሩ፤ ሚስቱ ሰገነት ዛሬ ነገ የምትወልድበት ምሥጋናውና ጉልበታቸውን የሚያማቸው የታሪክ መምህሩ ጋሽ ያርጋል። ርዕሰ መምህሩ «ተስማሙና ንገሩኝ» አሏቸው። ተስማሙ፤ ፖከር ተጫውተው ቆሎው ቀድሞ ያለቀበት ይሄዳል።

አሁን ነገሩን ልብ በሉ። ጥሩ ካርታ የያዘ ሰው ወዲያው ብዙ ካስያዘ ሌላው ፈርቶ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ስለዚህ ደካማ መስሎ «አለፍኩ» ይላል፤ ባላጋራው ደፍሮ እንዲያስይዝ። ግን ሁልጊዜ አይደለም! ካርታው መካከለኛ ከሆነ ባላጋራው የማይፈልገውን ካርታ በአዲስ ቀይሮ ሊበልጠው ይችላል። መደበቅ የሚያዋጣው ማንም የማይደርስበት ካርታ ሲያዝ ነው። ምሥጋናው ይህን በጣም ስለሚወደው ለባልደረቦቹ ሁሉ በማረፊያ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥሎ አስረድቷል። ለጋሽ ያርጋል ሁለት ጊዜ።

በዚያ ከሰዓት ጥሩ ካርታ ደርሶት ሁለቴ አለፈ። ሁለቴም ጋሽ ያርጋል ቆሎ እየቆረጠሙ ካርታቸውን ጣሉ።

«ዝም ካልህማ ይዘሃል። አንተው አይደለህ ያስተማርኸኝ?»

በሦስተኛው ሦስት ንጉሥና ሁለት ዘጠኝ ደረሰው። ማንም የማይደርስበት ነው፤ በራሱ ሕግ የሚደበቅ ካርታ። ሰሌዳውን አየ። ሰገነትን አሰበ። አንድም ካርታ ሳይቀይር ቆሎውን በሙሉ ወደ መሐል ገፋ።

«ሁሉንም!»

«ምነው? የያዘ ሰው እንዲህ ይጮሃል እንዴ? ሰሌዳው ላይ ይህ የለም።»

«ይጣሉት ጋሼ፣ ለጉልበትዎ ብዬ ነው።»

«ልጣል? እኔን ልታስፈራራ!» ጋሽ ያርጋል ሳይበሉት የቀራቸውን ሁሉ ገፉና ሁለት ጥንድ ካርታቸውን ዘረጉ። ምሥጋናው ንጉሦቹን አንድ በአንድ አስቀመጠ። ጋሽ ያርጋል ብዙ አዩዋቸው።

«ይህን መቼ አስተማርኸን?»

«ገና አሁን አወቅሁት።»

ሰገነት ማክሰኞ ወለደች፤ ምሥጋናው አጠገቧ ነበር። ጋሽ ያርጋል ከአምቢኮ የተመለሱት ከተባለው አንድ ቀን ቀድመው ነው። አብሯቸው የሄደው ባለ በቅሎ፣ አቀበቱን በእግራቸው ሲወጡ አልደረስኩባቸውም አለ።