ሌንሱ የቆረጠው ግንባር

ወንድሜ ከአቀስታ ሲመለስ ሚኒባሱ ተገልብጦ ሞተ። መካነ ሰላም ውስጥ ስንቱን ሙሽራ ፎቶ አንስቷል፤ የእሱን ፎቶ ስንፈልግ ግን አጣን። ስልኩ አብሮት ተሰባብሯል። መታወቂያው ላይ ማህተሙ አፉን ሸፍኖታል። የቀረው አንድ ነው፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩ ቀን ከእኔ ጋር የተነሳው። እሱም ግንባር የለውም።

ያነሳን የአክስታችን ባል ነው። በዕድሜ ትልቅ ነው፤ «እሳቸው» ልል ይገባኝ ነበር። አልልም።

ወንድሜ ለሥራ ዲጂታል ካሜራ ነበረው። በፊልም የሚሠራውን አሮጌ ካሜራ የሚያወጣው ለሚወዳቸው ሰዎች ነው። በዚያ ካሜራ የምታይበት መስኮት ሌላ፣ ፎቶውን የሚያነሳው ሌንስ ሌላ ነው። መስኮቱ ከሌንሱ በላይ ነው። የሚነሳው ሰው ራቅ ካለ ልዩነቱ አይታወቅም። ስትቀርበው ግን መስኮቱ ጸጉሩን ሁሉ እያሳየህ ሌንሱ ይቆርጠዋል። ሠሪዎቹም ያውቃሉ። በመስኮቱ ውስጥ ከሚታየው ነጭ ክፈፍ የላይ ጠርዝ ዝቅ አድርገው ሁለት ጭረት አስምረዋል፤ ከቅርብ ስታነሳ የፎቶው ጫፍ እዚህ ነው ለማለት። እያወቁ፣ በሁለት ጭረት ተገላገሉት።

«ታዲያ ምኑን ወደድከው?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«ሌላው ካሜራ ስትጫነው መስኮቱ ለቅጽበት ይጨልማል። ይሄ አይጨልምም። ሰውየውን እያየሁት ነው የማነሳው። ከክፈፉ ውጭ ማን እየመጣ እንደሆነም አያለሁ።»

ሌንሱ እንዳይቆርጥበት ከራስ በላይ ሁልጊዜ ሰፊ ቦታ ይተው ነበር። እናታችን «ሰማዩን ነው ወይስ እኔን ነው ያነሳኸው?» ትለው ነበር።

ያን ቀን ካሜራውን ለአክስታችን ባል ሰጠው። የቢሮ ሰው ነው፣ የማያውቀው ነገር የለም።

«ከላይ ሰፋ አድርገው ይተዉ» አለው ወንድሜ።

«ከነጸጉራችሁ ትታያላችሁ። ዝም ብለህ ቁም። ዓይን ያለህ አንተ ብቻ ነህ?»

ቀረበን። አሁንም ቀረበን። ተጫነው። ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ ሲመጣ፣ እኔ አጭሩ ሙሉ ወጥቻለሁ። ወንድሜ ከቅንድቡ በላይ የለም። ያኔ ሳቀ። እሱ ስለሳቀ እኔም ሳቅኩ።

ለአርባው ያው ሰው ትልቅ ፎቶ በመስታወት አስገብቶ መጣ። ማተሚያ ቤት ወስዶ፣ በኮምፒውተር እኔን ከጎኑ አስወጥቶ ለወንድሜ ግንባር አስቀጥሎለታል። የማን ግንባር እንደሆነ እንጃ። የወንድሜ ጸጉር ከፊት ሸሽቶ ነበር፤ ይሄኛው ጥቅጥቅ ያለ ነው። እንግዶቹ «ልክ እሱ» አሉ።

እናቴ ተቀብላ ልትስመው ጎንበስ አለች። ከንፈሯ ሳይደርስ ቀና አለች።

«ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«አሳምረነው ነው፣ አብሽሪ» አላት።

ከእጇ ተቀበልኩና መልሼ አስታቀፍኩት። «ያኔም ነግሮህ ነበር» አልኩት። አንተ አልኩት፣ በሰው ፊት። ማንም አልገሠጸኝም።

ትንሿን፣ የተቆረጠችውን ፎቶ አምጥቼ ግድግዳው ላይ ልሰቅል ሚስማር ያዝኩ።

«ዝቅ አድርገው» አለች እናቴ። «ከላይ ቦታ ይፈልጋል።»

ዝቅ አድርጌ መታሁት። ከፎቶዋ በላይ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው።

የአክስታችን ባል አሁንም ሊጠይቀን ይመጣል። ወንበር የማቀርብለት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ከፎቶዋ ፊት ለፊት ነው የማስቀምጠው።