«በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ!»

ያን ፊልም ያየሁ ቀን የተናደድኩት ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። «ፊልም እኮ ነው፣ ምን ያንጨረጭርሻል?» ይሉኛል። ያንጨረጨረኝ ፊልሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ጊዜ ረስቼው ነበር።

ታላቅ እህቴ ፊደል አልቆጠረችም። እሷ አንኮበር ቀርታ የታመመ አባታችንን ስታስታምም፣ እኔን ደብረ ብርሃን ሰድዳ የማታ ትምህርት አስገባችኝ። እኩዮቼ ልጆቻቸውን በሚያስጠኑበት ዕድሜ እኔ ከሀ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ቤቷ የገባ ወረቀት ሁሉ የሚነበበው በእኔ ነው። ሌላ ሰው ካነበበላት ግን ሕግ አላት፤ ጣቷን ቀለም ከማስነካቷ በፊት ሁለት ሰዎች ለየብቻ ያነቡላታል፣ ሁለተኛው ሲያነብ የመጀመሪያው ደጅ ይቆያል። «አንድ አንባቢ አፍ ነው፣ ሁለት አንባቢ ወረቀት ነው» ትላለች። ይህን ሕግ በእኔ ላይ አውጥታው አታውቅም ነበር። እኔ ካነበብኩ አለቀ።

አንድ ክረምት ወደ አማርኛ የተመለሰ ወፍራም ልብ ወለድ ይዤላት ሄድኩ። ዘንዶ የሚጋልቡ ነገሥታት፣ የሚናገር ተራራ፣ ማለቂያ የሌለው ጦርነት። «ይሄ ሁሉ ዘንዶ ምን በልቶ ያድራል?» እያለች ስታላግጥብኝ ቆይታ፣ ታሪኩ ውስጥ በር ጠባቂዋ ስትመጣ ማላገጧን ተወች። አሮጊት ናት። ከተማይቱ በጠላት ስትከበብ የታላቁ በር የውስጥ መቀርቀሪያ ተሰብሯል፤ ከዚያ ወዲያ የሚዘጋው ከውጭ ብቻ ነው። አሮጊቷ ሕዝቡን ሁሉ አስገብታ ስታበቃ እሷ ትወጣና፣ «ስሜን አትጥሩኝ፤ ከጠራችሁኝ እዞራለሁ» ብላ ትዘጋዋለች።

እህቴ ያን ገጽ ደጋግማ አስነበበችኝ። ልብስ ስታጥብ እንኳ ለራሷ «ስሜን አትጥሩኝ» ትል ጀመር። ለምን እንዲህ እንደያዛት አልጠየቅኋትም። እኔን ሰድዳ የቀረችው እሷ ናት።

ከዚያ መጽሐፍ የተሠራው ፊልም ደብረ ብርሃን ሲመጣ የጠራኋት እኔው ነኝ። አዲስ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በጠዋቱ ሚኒባስ ጉሙን ሰንጥቃ መጣች። «ሴትዮዋን ልያት» አለች፣ ዘመድ ልትጠይቅ የመጣች ይመስል።

አዳራሹን ተማሪውም የፋብሪካ ሠራተኛውም ጢም አድርጎ ሞልቶታል። ፊልሙ ትርጉም ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ጉሮሮ ንጉሡንም፣ ዘንዶውንም፣ ሙሽራይቱንም የሚሆንበት። እንዲህ መተርጎሙን አልጠላም። ይሄኛው ተርጓሚ ግን ሰው ካልሳቀለት የሠራ አይመስለውም። በር ጠባቂዋ ብቅ ስትል ድምፁን አቅጥኖ፣ የባላገር አሮጊት አስመስሎ፣ «ውይ ወገቤን! እናንተ ልጆች፣ ጦር ነው የምትሉኝ ወይስ እንግዳ? ወጥ እኮ አልሠራሁም!» አስባላት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላችን አንዱ ተነሥቶ፣ «እቴቴ፣ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ!» አለ። ደብረ ብርሃን ነውና ቀልዱ ወዲያው ተያዘ። ከዚያ በኋላ አሮጊቷ በታየች ቁጥር ሁሉም በአንድ ድምፅ «በሩን ዝጊው!» ይላል። ፉጨት፣ ወንበር መደብደብ።

እህቴ አልሳቀችም። እየጠበቀች ነበር። የምትጠብቀው ሰዓት ሲደርስ ግን በሩን ከውጭ የዘጋው ጎራዴ የታጠቀ አንድ ሸበላ ነው። አሮጊቷን ዶሮ አሳቅፈው ወደ ውስጥ አስሮጧት። ሸበላው ፀጉሩን ነፋስ እያውለበለበው፣ ሙሽራይቱ እያነባችለት ወጣ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት እንባዋን ጠረገች። የማንን እንባ ለማን እያፈሰስሽ ነው? ልላት ምንም አልቀረኝም።

ዞሬ ያንን የሚጮኸውን፣ «አፍህን ዝጋ!» አልኩት። በሰው ፊት ጮኼ አላውቅም።

«አክስቴ፣ በሩን ነው ያልነው፤ አንቺ ምን አገባሽ?»

እንደገና ሳቅ።

ስንወጣ እህቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ሳታነሣ፣ «ለእኔ ብለሽ ነው የጨመርሽው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሴትዮዋን። ደስ ይበላት ብለሽ ከልብሽ ፈጠርሽልኝ።»

«እታለም! መጽሐፉ ላይ አለ። ቃል በቃል ነው ያነበብኩልሽ።»

«ይሄ ሁሉ ሰው ያላየውን አንቺ ብቻሽን አየሽ?» ጥቂት እንደተራመደች ቆመች። «የመሬቱንስ ወረቀት እንዲሁ ነው ያነበብሽልኝ?»

በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አንዲት ፊደል አልዘልም። የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ እንኳ «ይሄን አላውቀውም» ብዬ ነው የማልፈው። እህቴ ያመነችው ይህን ነበር፤ እነሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለአንድ ሳቅ ብለው ናዱት። ያን ሸበላ በአሮጊቷ ቦታ ያቆመው ሰው፣ ወጥ አልሠራሁም ያሰኛት ሰው፣ ያ ፉጨታም ሁሉ፣ ማን ቤት ምን እንዳፈረሱ አያውቁም። ቢያውቁም የሚገዳቸው አይመስለኝም።

በሳምንቱ መጽሐፉን ይዤ አንኮበር ሄድኩ። ገጹን ገልጬ ፊቷ አስቀመጥኩላት፤ አላየችውም። «ነርሷን ጥሪያት» አለች። ነርሷ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ናት፤ እህቴ ግቢ ውስጥ ተከራይታ ትኖራለች። ስትመጣ እህቴ መጽሐፉን ሰጠቻትና፣ እኔን ሳታይ፣ «አንቺ ደጅ ቆይ» አለች።

ወጣሁ። ጉሙ ከቆላው ሽቅብ እየወጣ ነበር። ጥርሴን ነክሼ በሩ ሥር ቆምኩ። ነርሷ የመድኃኒት ትእዛዝ እንደሚነበብ ነው የምታነበው፤ አራት ነጥብ ላይ እንኳ አትቆምም። «አሮጊቷ ወጣች ስሜን አትጥሩኝ ከጠራችሁኝ እዞራለሁ አለች በሩንም ዘጋችው።»

«እስቲ ድገሚው» አለች እህቴ።

ደገመችው።

«ግቢ!»

ዓይኗ ቀልቷል። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ ሕግ ይቅርታ አይጠይቅም። «ታዲያ ያ ሰውዬ ማንበብ አይችልም?» አለችኝ።

«የትኛው?»

«ፊልሙን የሠራው ነዋ! ያን ሁሉ ዘንዶ የሚቀልብ ሰው አንድ አንባቢ አጣ?»

ነርሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

እህቴ ከትራሷ ሥር ከሐኪም የተሰጣትን የዓይን ጠብታ አወጣች። ነርሷ አጠገቧ ተቀምጣ ሳለች፣ ተንጠራርታ ለእኔ ዘረጋችልኝ። «ምን ይላል?»

«ጠዋትና ማታ፣ አንድ አንድ ጠብታ።»

ድገሚ አላለችኝም። እኔ ግን፣ ድምፄ እንደተቆጣ፣ ደግሜ አነበብኩላት።