የእትዬ ዘነበች ዲናሞ

ትናንት ልጄ ከቢሾፍቱ ደውሎ የጉድጓድ ውሃ መሳቢያው እየጋለ እንደሚጠፋበት ነገረኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልጆቼ የሚጠይቁኝ ስለ ደም ግፊቴ ብቻ ስለሆነ ደስ አለኝ። ምን ምን ማየት እንዳለበት ነግሬው ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ አሰላ ትዝ አለችኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ አሰላ በመካኒክነት ተመድቤ እትዬ ዘነበች ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ባለቤታቸው ጋሽ ታፈሰ ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት፣ ለሰፈሩ ብርቅ የነበረውን የውሃ መሳቢያ ዲናሞ የተከሉት እሳቸው ናቸው። ሲያጣጥሩም «ዲናሞዬን አደራ» ብለዋቸው ነበር።

ወሩ ኅዳር ነው፤ ገብስ የሚታጨድበት፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ የሚታይበት። እትዬ ዘነበች ለሙት ዓመቱ ተዝካር ጠላ ሊጠምቁ ጋኖቹን አጥበው ደርድረዋል። ዲናሞው እየጋለ መጥፋት የጀመረው ያን ሰሞን ነው። ቢቃጠል ምትክ አይገኝም፤ ከወንዝ በአህያ የሚመላለስ ውሃ ደግሞ ለዚያ ሁሉ ጋን አይበቃም። «የታፈሰን ተዝካር በምን ልደግስ?» ይሉ ነበር። ይበልጥ ያስጨነቃቸው ግን አደራው ነው።

እኔ ገና ከትምህርት ቤት የወጣሁ ነኝና አላውቅም ማለትን አላውቅም፤ እኔ እሠራዋለሁ አልኩ። ማታ ከሥራ ስመለስ እትዬ «ቆይ፣ ልጥረግልህ» ይሉና ቀድመውኝ ዲናሞው ያለበት ጎጆ ይገባሉ። መብራቱ ኃይል አንሶት እንደሆነ አየሁ፤ አላነሰውም። ጉድጓዱን በገመድ ለካሁ፤ ውሃ ሞልቷል። የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ቅባት አጠጣሁት። ሳስነሳው ጸጥ ብሎ ይሠራል። በማግስቱ ሥራ ውዬ ስመለስ «ዛሬም ጋለ» ይሉኛል። ካድሬ ሲያይ ብቻ እንደሚያጨበጭብ ሰው፣ ይሄም እኔን ሲያይ ብቻ ነው ጨዋ የሚሆነው።

አንድ ቀን የመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ መሪ በቆጂ ሄዶ ስለቀረ የከሰዓቱ ስብሰባ ተሰረዘና በቀትር ቤት ገባሁ። ከጎጆው የጋለ ጥጥ ሽታ መጣብኝ። ዲናሞው እየሠራ ነው፤ ከላይ እስከ ታች በጋቢ ተጠቅልሎ! ሮጬ አጠፋሁትና ጋቢውን መግፈፍ ጀመርኩ።

እትዬ ዘነበች ከኋላዬ ደረሱ።

«እትዬ፣ ምንድነው ይሄ?»

«ኧረ አትግፈፈው ልጄ! ብርድ ቢመታውስ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የታፈሰ ጋቢ ነው። ልብሱን ሁሉ ለነፍሱ ስሰጥ ይቺን አስቀረሁ። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩ» አሉኝ።

ለካ ቀድመውኝ የሚገቡት ሊጠርጉ ሳይሆን ጋቢውን ሊደብቁ ኖሯል።

«እትዬ፣ እሱ ብርድ አይፈራም። የሚተነፍሰው በዚህ ነው» አልኳቸው፣ የአየር መግቢያውን እያሳየሁ።

ጎንበስ ብለው አዩትና «እንግዲያ እኔ ነኛ ያፈንኩት» አሉ። እዚያው ተቀምጠው አለቀሱ። ለዲናሞው ብቻ አልመሰለኝም።

ዲናሞው ዳነ። ጠላው ተጠመቀ፣ ጭኮው ተሠራ፣ ተዝካሩ ወጣ። እንግዳው ሲበተን ጋቢውን አጥበው አጣጥፈው ክፍሌ ይዘው መጡ።

«ለሚበርደው ይሰጥ ነው የሚባለው። አንተ ደግሞ የቆላ ልጅ ነህ» አሉኝ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝና የአሰላ ብርድ አጥንቴ ገብቶ ነበር፤ አላንገራገርኩም።

ከዚያ ወዲያ አመሻሽ ላይ ጋቢውን ደርቤ ደጃፍ ስቀመጥ፣ እትዬ ዘነበች በአጠገቤ ሲያልፉ ትከሻዬን ዳሰስ ያደርጉና «ሞቀህ?» ይሉኛል። የሚጠይቁት እኔን ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ ባይሞቀኝም «ሞቆኛል» እላለሁ።

ልጄ ዛሬ መልሶ ደወለ። የአየር መግቢያው በአቧራ ተደፍኖ ኖሮ ሲጠርገው ሠራለት። እኔም በዕድሜዬ ብዙ የጋለ ሞተር ከፍቻለሁ፤ አብዛኛው የሚጎዳው ዞር ብሎ የሚያየው ሰው አጥቶ ነው። እንክብካቤ በዝቶበት የጋለ ግን ያ አንዱ ብቻ ነው። እሱን ለማዳን ጋቢውን መግፈፍ ይበቃ ነበር፤ የከበደኝ ስገፍፈው የእትዬ ዘነበችን ፊት ማየት ነው።