ዳማው ሽምግልና የሄደ ጊዜ

ፈረሴ ባለጌ አይደለም። ይኼን አስቀድሜ ልናገር፤ ባሕር ዳር ውስጥ እኔንና እሱን የሚያማ ሰው ብዙ ነው። ከአገው ምድር የገዛሁት ዳማ ነው። የሸጠልኝ ሰው ጥምቀት በመጣ ቁጥር ጉግስ ሲጋልብበት ኖሯል። ጉግስ የለመደ ፈረስ ደግሞ ሁለት ነገር አይችልም፤ ከፊቱ የሌላ ከብት ጭራ ማየትና እልልታ መስማት። እልል ከተባለ መሮጥ ነው፣ ሌላ ምን ያውቃል?

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ፈረስ ያለን ጥቂት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ተሰብስበን በጣና ዳር እንሄዳለን። ከፊት የሚሄዱት የሰፈራችን የቅኔ መምህር፣ የኔታ ናቸው፤ ባረጀች በቅሏቸው። ደንባችን አንድ ነው፤ የኔታን ማንም አይቀድምም። ዳማው ግን በየሳምንቱ ይቀድማቸዋል።

«ወዴት ነው ልጄ?» ይሉኛል ሳልፋቸው።

«እሱን ይጠይቁት የኔታ!» እያልሁ አልፋለሁ። ምን ላድርግ?

ነገሩ ሁሉ ሳቅ ነበር፣ የእህቴ ልጅ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው መሸንቲ አንዲት ልጅ እስኪወድ ድረስ። እናቱ ካረፈች በኋላ እኔ ቤት ያደገ፣ እንደ ልጄ የማየው ነው። እሱ ወዷታል፣ እሷም ወዳዋለች፤ የቀረው የአባቷ ቃል ነው። ሽማግሌዎቹ እኛው ሆንን። «ሽማግሌ በባጃጅ አይሄድም» አሉ የኔታ፤ በቃ፣ በፈረስ ተነሣን።

መሸንቲ ስንገባ አንድ ግቢ ውስጥ ክርስትና ኖሮ እልልታው አይቀልጥ መሰላችሁ! በስመ አብ ሳልል ዳማው የኔታን አልፎ በረረ። ልጓሙን ብጎትት ማን ሊሰማኝ! የተከፈተ የግቢ በር ሲያገኝ ዘው ብሎ ገባና የተሰጣ በርበሬ መሀል ቆመ። እሱም አነጠሰ፣ እኔም አነጠስሁ። ጋቢ የደረቡ ረዥም ሰውዬ ከቤት ወጡ። የማን ቤት እንደሆነ የገባኝ ልጅቱ በመስኮት ብቅ ስትል ነው።

ወጉ ሽማግሌ ተሰብስቦ ደጅ ቆሞ፣ ታላቁ በእርጋታ ጉዳዩን ሲናገር ነው። እኔ ብቻዬን በፈረስ በርበሬያቸው ላይ ነኝ።

«ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ።

«ልጅዎን» አልሁ። ሌላ ምን ልበል?

የኔታ ደርሰው የቻሉትን ያህል አለሳለሱ። ሰውዬው በርበሬያቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ፈረሱን መግራት ያቃተው ዘመድ ለልጄ አልሻም። ሥነ ሥርዓት አስተምሩትና በዚሁ ፈረስ ተመለሱ። ያኔ መልስ እሰጣለሁ» አሉ። ሸኙን።

የእህቴ ልጅ ሲሰማ እህል አልበላ አለ። እኔ ነኝ ጉዱን ያመጣሁበት፤ አንጀቴ አረረ። ያኔ ነው ማስተማሩን የያዝሁት።

ጠዋት ጠዋት ከየኔታ ጋር ወደ ሐይቁ ዳር እንወርዳለን። ዳማው በቅሎዋን ሊቀድም ሲል አዙሬ ከኋላዋ እመልሰዋለሁ። ይቀድማል፣ አዞረዋለሁ፤ ይቀድማል፣ አዞረዋለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን አቁመው ይስቁብናል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል፤ የየኔታ በቅሎ ግን በእናቷ ወገን የምታፍር ናት። አንድ ቀን ዳማው በጣም ሲጠጋት በእግሯ መከረችው። ከእኔ ምክር የእሷ ሳይሻል አልቀረም፣ ከዚያ ወዲህ በክብር ይከተላት ጀመር።

የከበደው እልልታው ነው። ባለቤቴን ለምኜ በየማለዳው ግቢያችን ውስጥ እልል አስባልኋት፤ ዳማው ዝም ብሎ ከቆመ እፍኝ ገብስ እሰጠዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። «ማን ወለደ?» አንዷ ጎረቤታችን ጭራሽ ለገንፎ የሚሆን ቅቤ ይዛ ነው የመጣች። ባለቤቴ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ናት። «አዋረድኸኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። ቅቤውን ግን አልመለሰችም።

እየቆየ ጎረቤቱም ለመደው፣ ዳማውም ለመደው። እልልታ ሲሰማ አንገቱን አዙሮ ገብሱን ከእጄ መፈለግ ሆነ።

ተመልሰን መሸንቲ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ከሁሉ ኋላ ነበርሁ። ደጃፋቸው ላይ ቆመን ልንወርድ ስንል አባትየው ወጡ። በርበሬው አስቀድሞ ገብቷል፤ ጠንቃቃ ሰው ናቸው።

«አትውረዱ። በሽታው እልልታ ነው አሉ» አሉና ወደ ቤት ዞሩ። «እስቲ አንድ ጊዜ እልል በሉ!»

ልጅቱ ወጣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ያንን እልልታ አቀለጠችው! እናቷ ተቀበለቻት። ዳማው ጆሮውን አቆመ፤ ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ በጭኔ ይሰማኛል። «በሞቴ ዳማዬ፣ በሞቴ!» አልሁት በሹክሹክታ። አንገቱን አዞረና እጄን አሸተተ። ቆመ! እንባዬ መጣ፣ ምን እደብቃለሁ።

ግን ሽማግሌ በቆመበት ደጅ እልልታ ከተሰማ፣ ሰፈሩ ምን ብሎ ያስብ? ሴቱ ከየቤቱ እልል እያለ ወጣ። «እንኳን ደስ አላችሁ!» አንዲት አሮጊት አባትየውን አንገታቸውን ይዘው ሳሟቸው።

«ኧረ ገና ነው! ለፈረሱ ነው!» ይላሉ እሳቸው። ማን ይስማቸው!

ለካ በቅሎዋን እንዲህ ከየአቅጣጫው የሚመጣ እልልታ ያስተማራት የለም። ደንብራ የኔታን እንደ ጫነች ግቢው ውስጥ ጥልቅ አለች። ዳማውም እንደ ተማረው፣ ሳይቀድማት፣ በሥርዓት ተከትሏት ገባ።

አባትየው እኛን አዩ፣ የሞላውን ሰው አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ግቡ እንዳልላችሁ ገብታችኋል» አሉ።

ሰርጉ አልፎ ልጅቱ ቤቴ የመጣች ጊዜ ጠየቅኋት። «አባትሽ አንድ ጊዜ እልል በሉ ቢሉ፣ ምነው እንዲያ አስረዘምሽው? ፈረሴን ልታስነሺብኝ ነበር እኮ!»

ሳቀች። «ለፈረሱ መስሎዎት ነው ጋሼ? ጎረቤት እንዲሰማ ነዋ!» አለችና ለዳማው እፍኝ ገብስ ሰጠችው።