ያልታዘዘኝ ገደብ

ባለፈው እሑድ የመጨረሻ ልጄን ጠበል ላስጠምቅ ተራ ስጠብቅ፣ አንድ ጎልማሳ አምስት ጀሪካን ደርድሮ የጠበሉን አሸንዳ ያዘው። ከኋላው ሕፃን ያዘሉ እናቶች ቆመዋል። አስተናባሪው «አንዱን ቅዳና ፈቀቅ በል፤ ሦስት ሰው ይጠመቅ፤ ከዚያ ተመለስ» አለው። የእኔ ዐይን ግን ከአሸንዳው በላይ ወዳለው ገንዳ ሄደ። ወደዚያ ማየትን ያስተማሩኝ እማማ ጥሩዬ ናቸው። ዋጋውን የከፈሉትም እሳቸው ናቸው።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ያኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ጋሼ ሙሉ የሚባሉ ሰው በከፈቱት የጽሕፈት አገልግሎት ቤት እሠራ ነበር። ደህና ኮምፒውተር የነበረን አንድ ነው። እሱኑ በቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ለሦስት ከፍለነዋል፤ አንዱ ለሠልጣኞች፣ አንዱ ለጽሕፈት፣ አንዱ ለቅጂ። ሦስቱም ለየብቻቸው የቆሙ ይመስላሉ፤ ከታች ያለው ዲስክ ግን አንድ ነው።

በዚያ የዐቢይ ጾም ሰሞን የቅጂው ማሽን የአንድ ደብር የብራና መጻሕፍት ፎቶዎችን ይገለብጥ ነበር። መብራት እየሄደ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ስለተጀመረ፣ ጋሼ ሙሉ «ይህን ያጠፋ ከእኔ ጋር አይሠራም» ብለዋል።

እማማ ጥሩዬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አቧራ ለብሰው ደረሱ። ባላቸው የሞተባቸው ገበሬ ናቸው። የባላቸው ወንድም በመሬታቸው ተከራክሮ ረቷቸዋል፤ የይግባኙ የመጨረሻ ቀን ያን ዕለት ነበር። ይግባኙን ቀድሜ ጽፌላቸዋለሁ፤ የቀረው ማተም ብቻ ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወዳለበት ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው አውቶቡስ ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል።

ፋይሉ አልከፈት አለኝ። ቅጂው ዲስኩን ጠቅልሎ ይዞታል። እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የሽምብራ ቆሎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝ።

ሶፍትዌሩ ለዚህ መላ አለው። አንዱ ማሽን በሰከንድ ከዲስኩ የሚያነበውንና የሚጽፈውን መጠን፣ ማሽኑን ሳያጠፉ መገደብ ይቻላል። ገደብ ጻፍኩ። ቁጥሩን ተቀበለኝ፤ ቅጂው ግን እንደ ፊቱ ይጋልባል። በግማሽ ቀነስኩት። ያው ነው። እንደገና በግማሽ። ያው ነው።

«ሦስት ናቸው አላልሽኝም? አንዱ ብቻውን እየበላ ነው በይኛ!» አሉ እማማ።

«እየገደብኩት ነው፤ አልሰማ አለኝ።»

«እኛም ጠበላችን ላይ አስተናባሪ አቁመን...»

«እማማ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ!»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እኔም ቁጥር ስጽፍ፣ ቁጥር ስሰርዝ፣ ጥርሴን ነክሼ ስክሪኑ ላይ ሳፈጥ ቆየሁ። የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። ከዚያ ራቀ።

«ሄደ» አሉ እማማ። 

ያን ጊዜ አፈርኩ። «ስለ ጠበሉ ምን ሊሉኝ ነበር?» አልኳቸው።

«ምን እላለሁ ልጄ። አስተናባሪው አሸንዳው ሥር ይቆጣጠራል፤ ጉልበተኛው ከበላይ ከገንዳው በባልዲ ይዝቃል። እዚያ ታች ሲጮህ ቢውል ማን ይሰማዋል? ገንዳው ሲከደን ነው ሁሉም በአሸንዳው የሚመጣ።»

እጄ ቆመ። የእኛም ማሽን ገንዳ ነበረው። የቅጂው ማሽን የሚጽፈው ሁሉ አስቀድሞ በዋናው ኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ይጠራቀማል፤ ወደ ዲስኩ የሚፈሰው ከዚያ ነው። የእኔ ገደብ በዚያ መንገድ ላይ አልቆመም። በማሽኑ ቅንብር ውስጥ ያን መንገድ የሚከፍተውን ምልክት ጠዋት አይቼው አልፌዋለሁ። ለማንሳት ግን ማሽኑን ማጥፋት ግድ ነው።

«ጋሼ፣ ቅጂውን ለጥቂት ደቂቃ ላጥፋው» አልኩ ጠረጴዛቸው ጋ ወደተቀመጡት ጋሼ ሙሉ ዞሬ።

«አበድሽ እንዴ?»

«ካላጠፋሁት ገደቡ አይይዝም። አሁን ገና ገባኝ።»

ጋሼ እማማን አዩ። አንገታቸውን ደፉ። «በይ፣ በእግዚአብሔር ስም» አሉ።

ቅጂውን እንደ መብራት መሄድ ሳይሆን በወጉ አቁሜ ማሽኑን አጠፋሁ፣ ምልክቱን አነሳሁ፣ መልሼ አስነሳሁ። ቅጂው ካቆመበት ቀጠለ፤ በልኩ። ይግባኙም ወዲያው ተከፈተ። ሁሉ ነገር ያለቀው ቆሎው ሳያልቅ ነው።

እማማ ወረቀቱን ስመው ብብታቸው ውስጥ አደረጉና አይሱዙ ፍለጋ በእግራቸው ወጡ። ሲደርሱ ፍርድ ቤቱ ተዘግቷል። በማግሥቱ ቀኑ አልፏል ተባሉ። ቀኑ ያለፈበት ይግባኝ እንዲታይላቸው ማስፈቀጃ ለማጻፍ ተመልሰው መጡ፤ ጻፍኩላቸው። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻ ተፈቀደላቸው፣ መሬታቸውም ከእጃቸው አልወጣም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያ ሁሉ መንገድ ግን የእኔ ዕዳ ነበር።

እሑድ ዕለት ከኋላዬ የነበሩ አንዲት አሮጊት ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጀመሩልኝ። ከጋብቻቸው ዘመን ነው የተነሡት፤ ረጅም ነበር። ልጄ «እማዬ፣ ተራችን ደረሰ» እያለች ቀሚሴን ጎተተችኝ። እሳቸውን ሳላቋርጥ ፈቀቅ ብዬ ከኋላችን ያለውን ሰው አሳለፍኩ።

«ከዚያስ፣ እማማ?» አልኳቸው አሮጊቷን።